በሰዓት

«በጀቱ አለቀ» አለኝ አማካሪዬ፤
ምዕራፍ ሦስት ላይ ቆመ የአራት ዓመት ሥራዬ።
ቅጽ ይዤ ዞርኩ ዶሃን፣ በሐምሌ ወላፈን፦
«ሙሉ ስኮላርሺፕ?» — ዕድሜህ አልፏል አሉኝ፤
«የኩባንያ ድጋፍ?» — ፓስፖርቴን አይተው ሸኙኝ፤
የቀረችው ሳጥን «ሌላ» ትላለች፣ ባዶ።

ዓርብ ዕረፍቷ ነው። ሸምሲያ ከአል ዋክራ
መጣች፣ የዕቁቧን ዕጣ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ፤
የአሥር ሴቶች ሪያል፣ በረኪና የሸተተ።

«ስንት ቀን ያስኬድሃል?»
«አርባ ሌሊት። የማሽኑ ኪራይ በሰዓት ነው፤
እኔ ስተኛ እንኳ እሱ ይሠራል።»
«ለሌሊቱም ይከፈለዋል?»
«አዎ፣ ለደቂቃዋም።»

የተላጠ ጣቷን አየችው፤ ሳቀች፦
«ታድሎ! ለኛማ በወር ነው።»
ከዚያ ሪያሉን ደግማ ቆጠረች፣ እንዳይጎድልብኝ።