ቁጥር ሠላሳ አንድ

በዓርብ ገበያ፣ ኩዌት፣ አሸዋ በጠገበ ምንጣፍ ላይ፣
«ሰባቱን ዘቦች» አገኘኋቸው፣ ሽፋናቸው ገርጥቶ በፀሐይ።
ዓረብኛ ማንበብ የለመድኩት በነዚህ ነው፣ ከነዋፍ ጋራ፣
እሱ በጣቱ ሲጠቁም፣ እኔ ፊደሉን ስጠራ።

በቁጥር ዐሥራ ሁለት ነፋሲት ሞተች፣ ግንብ ተንዶባት፤
ልጁ ሩዙን ሳይቀምስ ተኛ፣ አልቅሶ አልቅሶላት።
በሠላሳ አንድ ግን፣ ይኸው፣ ከጓዶቿ መሐል ቆማለች፤
ቀይ ካባዋ አረንጓዴ ሆኗል። እንዴት ተነሣች? የት ነበረች?
ያለ የለም።

«ስሕተት ነው!» ብሎ ነበር ነዋፍ፣ ገጹን በመዳፉ እየመታ።
«ሠዓሊው ረስቶ ይሆናል» አልኩት፣ ሸሚዙን ስተኩስ ያን ማታ።

አልረሳም።
እኔ ራሴ ከቦሌ የወጣሁት የሺመቤትን ትቼ፣
ዘሃራ ተብዬ ነው፣ በደላላ ብዕር ስድስት ዓመት አርጅቼ።
ሦስት ቤት አገለገልኩ።
ባንዱ ሱአድ አሉኝ፣ ለአፋቸው ስለቀለለ፤
«የፊተኛዋስ የት ሄደች?» ያለኝ ሰው ግን የለ።

ሻጩ ዐሥራ ሁለተኛውን አቀበለኝ፣ «ሁለቱን በግማሽ ዲናር።»
መለስኩለት።
ሠላሳ አንድን ብቻ ገዛሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ናት፣ ከፓስፖርቴ ጋር።