ሰኞ ማታ፣ ባቲ

ገበያው ተፈታ። ግመል በየፈርጁ፣ ፍየል በየመንጋው፤
አቧራው ብቻ ነው ገና ያልተኛው፣ ገና ያልረጋው።
እኔ ደላላ ነኝ፤ እጅ አስመታለሁ፣ ዋጋ አስማማለሁ፣
ሲመሽ ደግሞ ጣት በምታክል መብራት ብር አያለሁ።

ብርሃኗ ሐምራዊ። እውነተኛው ብር ጨለም ብሎ ይቀራል፣
ቀጭን ክሩ ብቻ ከሆዱ ውስጥ ያበራል።
ሐሰተኛው ግን፣ ወላሂ፣ ዳር እስከ ዳር ይነዳል፤
እዩኝ እዩኝ እያለ የስንቱን ትዳር ንዷል።
አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ሕግ ኖርኩ፦
ሁለመናው የሚያበራን ነገር አላምንም አልኩ።

የዛሬ ሳምንት ከካቡ ሥር ተቀምጠን፣
ሐንፈሬ የሸጣትን ግመል ሒሳብ ልናጤን፣
ገዢው ይማም፣ የሐርቡ ሰው፣ ላቡን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ፣
እጄ ሳያስበው መብራቷን ወደ ካቡ አደረገ።

ድንጋዩ መሃል አንድ አረንጓዴ ፍም።
ፍም አይደለም።
ጊንጥ ነው። ቀን ሳየው መናኛ፣ የገለባ ቀለም፤
አሁን ግን የደሴ ሱቅ የሐር ሻሽ እንኳ እንዲህ አያበራም።

ስምንት እግሩን ተክሎ ቆመ። ያየን በዓይኑ አልነበረም፤
ዓይኑ ብዙ ነው ይባላል፣ ግን ለከንቱ፣ ለስም።
የሚሰማን በእግሩ ነው፤ ይማም ሲቁነጠነጥ የተነሳውን ንዝረት
በስምንት ጉልበት ያዳምጣል፤ ይለይበታል አቅጣጫ፣ ርቀት።
ከሆዱ በታች ሁለት ማበጠሪያ አለው፤ መሬት ያበጥራል፣
ማን አለፈ፣ መቼ አለፈ፣ ከአሸዋው ላይ ያነባል።
አንዲት ጥንዚዛ ከበላ ወራት ይጾማል፤ ሐንፈሬ እንደሚለው
ቤት ገብቶ ምግብ የማያስቸግር እንግዳ እሱ ብቻ ነው።

ይማም ጫማውን አወለቀ። ሊመታ። ያኔ ጅራቱ ተነሳ፤
ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ ምርኩዝ፤ እንደ አበሳ
አልነበረም።
መርፌውን ጀርባው ላይ ፋቀ። ክርር አለ፤ እንደገና ክርር፤
አትቅረብ ነው ትርጉሙ፣ በየትኛውም አገር።

«ቆይ!» አለ ሐንፈሬ፣ የይማምን ክንድ ይዞ፣
«ነግሮህ የለም እንዴ? ምን ያድርግህ ከዚህ አብዝቶ?
መርዙ ጥሪቱ ናት፤ ቀን ቆጥሮ ነው የሚያጠራቅማት፣
እንዳንተ ብር ነች፣ ለማንም አይበትናት።»
ለኔም አስተማረኝ፦ እጁ ቀጭን፣ ጅራቱ ወፍራም ከሆነ ሽሸው፤
እጁ የሰባውስ መቆንጠጥ እንጂ መርዝ ብዙም የለው።

ወንድሜን ጦይብን አንድ ሐምሌ ላይ ወግቶታል።
ምላሱ ደንዝዞ፣ እግሩ እየዘለለ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ አንግቶታል።
ሦስት ዓመት ቂም ያዝኩ። ለካ የዚያን ሌሊት
መብራት ጠፍቶ የጎረቤት ጄኔሬተር ይጮህ ነበር።
ጦይብ በጨለማ እግሩን ጫማው ውስጥ ሰደደ።
ጫማው ውስጥ ክርር ያለ እንደሆነስ
ማን ሰማው?

ጊንጡ ዞር አለ። አለች ልበል እንጂ፤ እናት ኖራለች።
ጀርባዋ ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰሉ ልጆች፣
ሃያ ይሆናሉ፣ ተደራርበው ተሳፍረዋል።
እነሱ ገና አያበሩም። ቆዳቸው እስኪጠና
እንደ እውነተኛ ብር ጨልመው ይቀመጣሉ።
ጅራቷን ሳታወርድ፣ ሳትቸኩል፣ ወደ ኋላዋ እየሄደች
ከድንጋዩ ሥር ገባች።
ይማም ጫማውን አጠለቀ፤ አስቀድሞ ግን አራገፈው።

ወደ ሒሳባችን ተመለስን።
ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ።
አርባ አንደኛዋ ቅጠል
ዳር እስከ ዳር ነደደች።
ቀና ብዬ ይማምን አየሁት።
ላቡን ይጠርጋል።
ክርር የሚል ነገር የለም።
ጅራት የሚያነሳ የለም።