አራት ነጥብ

ስሜ የሺመቤት ነው፣ አባቴ ያወጣልኝ፤
ሺህ እንኳን ኖሮኝ አያውቅ፣ እመቤትም አይሉኝ።
ደላላው በፓስፖርቴ ዘይነብ ብሎ ጻፈኝ፣
በዘይነብ ተሳፍሬ ሻርጃ ላይ አራገፈኝ።

ሙቀት በጠና ቁጥር ማዳም ቪየና ስትሄድ፣
እኔ ከኋላ ወንበር፣ ጭኔ ላይ ራሺድ።
ጆሮው ሲደፈንበት ጡጦውን ሳስይዘው
ደመናውን አላየሁ፤ መስኮቱን የያዘው
ሻንጣ የሚያህል ሰው።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄጄ፣ እንዲህ ተመልሼ፣
ትውከት የነካው ሻሼን ሰማይ ላይ አጥቤ ለብሼ፤
ለካ ሰው ሳያየኝ አንድ ማሽን ቆጥሮኛል፣
በየደመናው ላይ ነጥብ ጥሎልኛል።

ቢጁ ነው የነገረኝ፣ የትኬት ቢሮው ልጅ፣
ሮላ አደባባይ ጥግ፣ ከጫማ ሰፊው ደጅ።
የማዳምን ትኬት ላመጣ ሄጄ ነበር፤
ስክሪኑን ወደኔ ቢያዞር፣
አሥራ ዘጠኝ ሺህ ማይል! ከላዩ የዘይነብ ስም፤
እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ከሺህ ጋር አልተዋወቅኩም።
እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ስሰማ ኖሬ
የኔዋ ክንፍ አውጥታ አገኘኋት ዛሬ።

«ነጥብ ግን እንደ ወተት ነው» አለኝ፣ «ቀን አለው፤
ወሩ ካለቀ ይቃጠላል፣ ማንም አያድሰው።
ፓስፖርትሽስ?»
             ማዳም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፏል።
«ውልሽስ?»
             አምናም ዘንድሮም አልቆ ተራዝሟል።
«ታዲያ መጥበሻ ውሰጂ፣ ወይ ሻንጣ ባለ መንኮራኩር፤
በነጥብ ይሰጣል እኮ።»
             ሻንጣ? ለየትኛው አገር?

ሉባባ ትዝ አለችኝ፤ መስኮት ስትወለውል ወድቃ
በአንድ ክራንች የምትሄድ፣ የመውጫ ወረቀት ጠብቃ።
ወረቀቱ መጣላት፣ አሥር ቀን ሊያገለግል፤
ትኬት ግን ከየት ይምጣ? እግሯም አይረግጥ በውል።

ተመልሼ ሄድኩ ሮላ። «ለሌላ ሰው ይሆናል?»
«ይሆናል» አለኝ ቢጁ፣ «ግብር ግን ይከፈላል።»
ነጻ ለሚሉት በረራ አራት መቶ አሥር ድርሃም!
ከስልኬ ሽፋን ሥር አወጣሁ፤ ቢጁ አላመነኝም።
ስሟን ቀስ ብዬ አልኩት፦ ሉ... ባ... ባ... ብለህ ጻፈው፤
ቢያንስ አንድ ስም ይብረር፣ ደላላ ያልገፈፈው።

ማሽኑ ወረቀት ተፋ። ቢጁ ስክሪኑን አይቶ
«የቀረሽ» አለኝ አዝኖ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
«አራት ነጥብ።»

ሳቅኩ። ምን ያስቃል? አለ። አማርኛ አያነብ!
ለሉባባ ነው እንጂ እሱስ፣ ያ አራት ነጥብ።
እኔማ ነጠላ ሰረዝ ነኝ፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጮኻል፣
ራሺድ ከመዋዕለ ሕፃናት ሊወጣ አሥር ደቂቃ ይቀረዋል፣