አስር ቁጥር

ሐሙስ አመጡልኝ የአስር ቁጥር ማልያ፣
"አጥብበው ለኑርዬ" አሉኝ፣ "አንተ ባለሙያ፤
ይመር እግሩ ከብዷል፣ አሰልጣኙ ቆርጧል።"
ልጁ ራሱ ክር ነው፤ ትከሻው ከመስቀያ ያንሳል።
አጠበብኩት።

አርብ ረፋዱ ላይ ያው መልእክተኛ፦
"ፍታው፤ ይመር ይጀምር፣ ልጁ ሁለተኛ።"
ፈታሁት።

ቅዳሜ እሱ ደወለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ለሁለት የሚሆን አንድ ልክ ፈልጎ።
ሠላሳ ዓመት ሰፋሁ ኮምቦልቻ ተጎልቼ፣
እንዲህ ያለ ልክ ግን አላውቅም ለክቼ።

የማልያው ጎን ተበስቶ ወንፊት መስሎ ነበር፣
ማታ ልዘጋ ስል ይመር ቆመ ከበር።
ከልምምድ መምጣቱ ነው፣ ጭቃው አልረገፈም።
ቁጭ በል ብለው እንኳ አልተቀመጠም።
ማልያውን አነሳ፣ በስንዝሩ ለካው፣
ቁጥሩን አንድ ጊዜ በአውራ ጣቱ ነካው።

"አጥብበው" አለኝ፤ "ሰፊ ከሆነበት
አለ የሐይቅ ተከላካይ የሚንጠለጠልበት።"
"አሰልጣኙ አዟል?"
"ነገ ያዛል" አለኝ፤
ከካልሲው አውጥቶ ሃምሳ ብር ሰጠኝ።

አልወሰድኩም።
መብራት የለም፤ በእጄ ነው የሰፋሁት፤
ዳግም እንዳይፈታ ክሩን ደረብኩት።