እርጥብ ጓንት

በታርቱ ከተማ፣ ወንዙ በጥር ረግቶ፣
ማሬት ትገባለች፣ ጨለማው ገና በርትቶ።
ነጩን ለብሳ ቆማ ማተሚያውን ታስነሣለች፣
አርባ ስምንት መርፌ በጣቷ ትቆጥራለች።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ መርፌው ይጠልቃል፣ ይነሣል፣
ከጤፍ ያነሰች ጠብታ መስታወት ላይ ያደርሳል፤
ደግሞ ይጠልቃል፣ ይነሣል።
አውራ ጣት በምታህል ሜዳ አሥር ሺህ ነጥብ ይተከላል፤
አንዷ ከተዛነፈች ግን ውሸቷ ድምፅ የለውም፣
ያመናት ሐኪም እንጂ እሷ አትጠየቅበትም።

ዘንድሮ ነጥቦቹ ከፉ።
መሐላቸው ባዶ፣ ጠርዛቸው ወፍራም፣ ቀለበት ሆነው አረፉ።
አንዱ ከጎረቤቱ ተጣብቆ፣ ሌላው ጭራ አውጥቶ፣
የሠላሳ አንደኛዋ መርፌ ቦታ ባዶውን ቀርቶ።

ሄልዱር፣ አለቃዋ፣ “መርፌው ነው” አለ፤ መርፌው ታጠበ፣
በድምፅ ሞገድ ተንቀጠቀጠ፣ በአጉሊ መነጽር ተነበበ።
“ማሟሟቻው ነው” አለ፤ ተለወጠ።
“መስታወቱ ነው” አለ፤ ያለው ተጥሎ አዲስ ተመረጠ።
ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ቀለበቱም አልጠፋም፤
ቀለበት ያሰረው ነገር በዋዛ አይፈታም።

ግራ የሚያጋባው፣ ደህና ቀንም ነበረ፣
ነጥቡ ሁሉ እንደ ምስር ሞልቶ፣ ክብ ሆኖ ያደረ።
ማሬት ደብተር ገልጣ ቀኖቹን ደረደረች፦
ማክሰኞ ደህና። ረቡዕ ክፉ። ዓርብ ደህና።
ከዚያ በላይ አላወቀች።

ኤልሚ ናት፣ ወለል የምትወለውለው፣ ደብተሩን በትከሻዋ ላይ አሻግራ አይታ፣
“ማክሰኞና ዓርብማ” አለች፣ መወልወያዋን ተደግፋ ቆይታ፣
“በረዶ የጣለ ዕለት አይደል? ያ የሱፍ ጓንትሽ
ከማሞቂያው ላይ እየተንጠባጠበ ወለሉን ሲያርስብኝ ዋለ፤ ስንቴ ልንገርሽ?”

ማሬት ቀላች። ደንቡ ይከለክላል፤ ታውቃለች።
ግን እስክሪብቶ አንሥታ፣ ከቀኖቹ ግርጌ ጻፈች፦
“ጓንቴን እዚህ አደርቃለሁ። እርጥብ በሆነ ቀን ነጥቡ ያምራል።”
ሄልዱር አነበበ። አልተቆጣም። አልሣቀም።
ወጥቶ የእርጥበት መለኪያ ይዞ መጣ፤ ሃያ ከመቶ ይላል።
የማሞቂያው አየር ጠብታዋን፣ ገና ሳትረጋ፣ ይመጥጣታል።

ዛሬ ማተሚያው በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ከሥሩ የውሃ ትሪ፣
በሩ ላይ የማሬት ጽሕፈት፦ “ሃምሳ አምስት ሳይሞላ እንዳትጀምሪ።”
ነጥቡ ሞልቷል። ጓንቱ ወደ ኮሪደር ተባረረ፤
የሠላሳ አንደኛዋ ዝምታ ግን ሳይፈታ አደረ።
ማሬት በየወረቀቱ፣ እንዳይረሳ፣ ባዶ ቦታዋን
በቀይ እስክሪብቶ ትከብባለች፤
አንዲት ቀለበት ቀርታለች።