የሦስተኛው ፎቅ መዘውር

ከዳውጋቫ ማዶ፣ ሪጋ ከተማ ዳር፣
ባለ ዘጠኝ ፎቅ ነው፣ ሽቅብ የቆመ መንደር።
እኔ ነኝ መሰላል ተሸክሜ የወጣሁ፣
በየጣሪያው ጥግ ላይ ትንሽ ዐይን የሰካሁ፣
ማሞቂያ፣ መጋረጃ፣ መብራቱን ጠቅልዬ
ለምድር ቤቱ ሣጥን፣ «አንተ እወቅ» ብዬ
የሰጠሁ እኔ ነኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፤
ትእዛዙ ከላይ ነው፣ ሥራዬ ብሎን ማጥበቅ።

ስብሰባ ተጠራ። ስላይድ አበራሁ።
«ሰው ካለ ይበራል፣ ከሌለ ይጠፋል፣
ብርዱን ቀድሞ ያውቃል፣ ወጪ ይቆጥባል፣»
እያልኩ አስረዳሁ።
ከኋላ ወንበር ላይ፣ ጃንጥላ ታቅፈው፣
ጡረታ የወጡት የትራም ነጂ፣ ስካይድሪቴ ናቸው፣
«ሰው አለ፣ ሰው የለም፣ ብሎ የሚፈርደው
ማን ነው?» አሉኝ።
ውጪ ዝናብ ነበር። መልስ አልነበረኝም።
የሚቀጥለውን ስላይድ ገለጥኩ።

የመጀመሪያው የበረዶ ወራት ጦርነት ነበር፤
ዐይኑ ላይ ካልሲ፣ ዐይኑ ላይ ማስቲካ፣
መጋረጃው ታስሮ ከመስኮቱ ጋር።
ሰባተኛ ፎቅ ላይ ፊኛ ተንጠልጥሎ
ሲወዛወዝ ያድራል፣ «ሰው አለ» አስብሎ።
ሊፍት ውስጥ ወረቀት፦ «በገዛ ቤቴ ውስጥ
እንግዳ ሆኛለሁ። ሻንጣዬ የት ይቀመጥ?»

አቶ ታሊቫልዲስ ብቻ አልተጣሉም።
ቼዝ ይጫወታሉ፣ በፖስታ፣ ሊየፓያ ካለ ሰው፣
መልኩን ከማያውቁት።
አንዲት ፈረስ ሊያስነሱ ሰዓት ይቀመጣሉ፤
ያሰበ ሰው ደግሞ አይነቃነቅም፣
ሣጥኑም ማሰብን ከመሞት አይለይም፤
ድርግም ይልባቸዋል።
እጃቸውን ያነሣሉ፣ ከጨለማው መሐል፣
«አለሁ!» ይሉታል።
ይበራል።
ፈረሱ እዚያው ቆሟል።

በሁለተኛው ኅዳር ካርቶን መጣ፣ ሙሉ፤
ክብ ክብ መዘውሮች፣ ቀይ ቀስት ያላቸው ሁሉ።
አለቃዬ፦ «በየቤቱ ስቀል፣ ሽቦ አያስፈልግም፤
ሰው የሚያዞረው ካገኘ አያጉረመርምም።»
ሰቀልኩ።
ከመዘውሩ ጀርባ ግድግዳ ነው፣ አቧራ።

ካልሲው እግር ገባ፣ ፊኛው ተነፈሰ፣
ቅሬታው በወሩ በግማሽ ቀነሰ።
ስካይድሪቴ በር ላይ ጠርተው አቆሙኝ፣
«አሁን ገና ሞቀኝ፣ በእጄ ነው» አሉኝ፣
ራሳቸው የጣዱትን ኮምጣጣ ኪያር በጠርሙስ ሰጡኝ።
መኪናዬ ውስጥ በላሁ፣ በጣቴ እያወጣሁ፣
ከእንስላሉ ጋራ ውሸቴን ዋጥሁ።

የካቲት ላይ አንድ ሌሊት፣ ትእዛዝ ሳይኖረኝ፣
የሽቦ ጥቅልል ይዤ፣ እግሬ መልሶ ወሰደኝ።
ከኮሪደሩ በኩል ግድግዳውን በስቼ፣
የሳቸውን መዘውር ከሣጥኑ አጋብቼ፣
ሁለት ዲግሪ ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች፤
ያችው ናት ሥልጣናቸው፣ ግን እውነተኛ ነች።
ለታሊቫልዲስም የመብራቱን ዕድሜ
አርባ ደቂቃ አደረግሁ፣ ሰዓቱን አርዝሜ።
የሽቦውን ዋጋ ከደመወዜ ቆረጡ።
ይቁረጡ።

ሚያዝያ ላይ ለፍተሻ ብቅ አልኩ።
ታሊቫልዲስ ፈረሳቸውን አስቀምጠው፣
መብራቱ ሳይጠፋ፣ እጃቸውን አነሡ።
«አሁን እኮ ይጠብቃል» ብላቸው፣
«አውቃለሁ» አሉኝ፣ «ጎረቤት አይደል እንዴ?»

ስካይድሪቴ ደግሞ መዘውሩን ትተውታል፤
«መስማት ጀምሯል» አሉኝ፣ «ለሚሰማ ማን ይጮኻል?»
ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አልነገሩኝም፤
እኔም አልጠየቅሁም።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ቀዩ ቀስት የለም፤
አውራ ጣት ፍቆታል፣ አልተረፈው ቀለም።
ያ ሁሉ የተፋቀው ከኅዳር እስከ የካቲት፣
ከጀርባው አቧራ እንጂ ሽቦ ባልነበረበት።