ሟቿ

አቃቂ ላይ፣ ያኔ፣ ከጨርቃ ጨርቁ አጥር ጥግ፣
ጋሽ ቱፋ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ የቤቱ ሕግ
ሴት አያስገባም። ማንም አልጻፈውም፣
ማንም አይስተውም።

የወንድሜን ኮፍያ እስከ ቅንድቤ ደፍቼ፣
ሹሩባዬን እንደ ስርቆት ዕቃ ውስጡ ከትቼ፣
ሃምሳ ሳንቲም ከፍዬ
ካጠናው አግዳሚ ጫፍ እቀመጥ ነበር፣ ወንድ መስዬ።
ቀጀላ ብቻ ያውቃል፤ አይናገርም፤
እግሩን አጥፎ ቦታ ይለቅልኛል፣ ዞሮም አያይም።

ደርቤ ያስረዳናል፣ ቆሞ ከቴሌቪዥኑ ጎን።
እንግሊዝኛ አያውቅም፤ እኛም አላወቅንም አለማወቁን።
ሽጉጥ የደገነውን «ምን አላት?» ስንለው፣
«የቤት ኪራይ ጨምሪ ነው የሚላት ሰውየው።»

አንዲት ሴት ነበረች፤ ጠጕሯ የሰንበሌጥ ቀለም፣
ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ባንዱ ላይ ጋደም።
በየፊልሙ ትመጣለች፣
በየፊልሙ ትሞታለች።
አስተናጋጅ ሆና፣ ትሪ እንደያዘች፣ በመስኮት ጥይት አገኛት፤
ነርስ ሆና ሊፍት ውስጥ አነቋት፤
ባንክ ቤት ብር ስትቆጥር፣ ገና «አቤት» ሳትል፣
ፈንጂው ቀደማት፤ ብሩ ዘነበባት እንደ ቅጠል።

አክተር አይሞትም፤ ይህን ማንም ያውቃል።
ቢወድቅ ይነሣል፣ ቢታሠር ያመልጣል።
እሷ አክተር አይደለችም። ገና ብቅ ስትል
«ሟቿ መጣች!» ይላል ቤቱ፤ ቆርኪ ይደረደራል።
ስንት ደቂቃ ትቆይ ይሆን? ቀጀላ ሁልጊዜ «ሰባት»፤
እኔ ሁልጊዜ «እስከ መጨረሻው»። ሁልጊዜ ተበላሁ፤
ቆርኪዬ አለቀ፣ ዱቤ ገባሁ።

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ላይ ተዘርራ፣ ረዥም ነገር ተናገረች።
«ምን አለች?» አልን። ደርቤ ዝም።
ደግመን ጠየቅን። «ምንም
አላለችም» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ስሟን አናውቅም። መጨረሻው ላይ፣
ስሞች እንደ ጉንዳን ሰልፍ ሽቅብ ሲወጡ፣
ጋሽ ቱፋ ካሴቱን መንጭቆ «ውጡ! ውጡ!
ደጅ ሰው ቆሟል!»
ማን ስም ያነባል?

ኋላ መንገድ መጣ፤ ቪዲዮ ቤቱ ላይ አለፈ።
ደርቤ ሳል ጀመረው፣ ከዚያ አረፈ።
ፋብሪካው እናቴን ከመቶ ሰው ጋር ባንድ ደብዳቤ አሰናበታት፤
ቤት ዋለች። ሟቿም ያን ሰሞን በኢቴቪ መጣች፣ ዓርብ ማታ ማታ፣
ሰሃን የምታጥብ እናት ሆና።
ወፈር ብላለች፤ ጥርሷ ያው ነው ገና።
ሁለት ዓመት ሳትሞት ቆየች።
በሦስተኛው ልጇ ስልክ አነሣ፤
ሞቷን በስልክ ሰማን። እሷን አላሳዩንም።
የታየው ሰሃኑ ነው፣ ያልታጠበ።
እናቴ ከንፈሯን መጠጠች፦ «ምስኪን፣ ሳይሰናበቷት።»

ትናንት፣ ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ።
ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፣ ያውም ሰው ሲተኛ፤
ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ጥዬ፣ ዲሹን ከፍቼ እጠብቃለሁ፣ ብቸኛ።
አክተሩ አርጅቷል። አልጋ ላይ ነው፤ አፍንጫው ላይ ቱቦ፤
አጠገቡ አንዲት አሮጊት ጫማዋን አውልቃ፣ እጁ በእጇ ተከብቦ።
ፈገግ አለች። ጥርሷ!
ሰዓት አየሁ።
ሰባት ደቂቃ፤ አለች። ዐሥራ አምስት፤ አለች። አርባ፤
በርሜሉ ሞልቶ ይፈስሳል፤ አልተነሣሁም፣ ውሃው ሳሎን ሲገባ።
አክተሩ ሞተ።
አክተሩ!
እሷ ዐይኑን ከደነች፣ ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀች፣
መብራቱን አጥፍታ ወጣች።

ስልክ መታሁ። ቀጀላ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ አዋሽ ላይ አድሯል።
«ሟቿ አልሞተችም!»
«ማን?»
«ሟቿ፣ ቀጀላ!»
የመኪና ጥሩንባ በሩቁ። ከዚያ፦ «ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?»
«አልቋል እኮ። ስም እየወጣ ነው።»
«ካሴቱን የሚነቅል የለም?»
«የለም።»
«በይ አንብቢልኛ።»

እግሬ ውሃ ውስጥ፣ ስሟን አነበብኩለት፤
ፊደሉ ቶሎ ሲያልፍብኝ፣ እንደ ደርቤ፣
ግማሹን ከራሴ ጨመርኩበት።